ጦር ጥሎት የሚሄደው ዕቃ የማን ነው?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲሄድ የሚይዘውንና የሚተወውን ይመርጣል። ጦር ግን ሲሄድ የሚመርጥ አይመስልም፤ ሊሸከመው ያልቻለውን ሁሉ በየመንገዱ እየጣለ ያልፋል። ድል ያደረገውም ወገን ቢሆን የሚሸሸውን ለመከተል ስለሚቸኩል፣ ጐንበስ ብሎ የሚያነሣው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጦርነት ካለፈ በኋላ በምድር ላይ የሚቀረው ብረት የተሸናፊውም የአሸናፊውም አይደለም ይባላል። የሚቀረውም ከሁለቱ ወገን ባልሆነ በሦስተኛ ሰው ማሳ ላይ ነው። ያም ሦስተኛ ሰው ገበሬው ነው።

እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጦር ጥሎት የሚሄደው ዕቃ የማን ነው? ጥያቄው ሲታይ የንብረት ጥያቄ ይመስላል። ቀስ ብለን ስናገላብጠው ግን የሕሊና ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩን ከሩቅ ከማምጣት ከማውቀው ቤት ልጀምር። ያደግሁት በጌዴኦ ምድር፣ ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ በምትገኘው በፍስሐ ገነት አጠገብ ነው። ፍስሐ ማለት ደስታ፣ ገነት ማለት የአትክልት ቦታ መሆኑን የሚያውቅና አገሩን ያየ ሰው፣ ስሙ ለቦታው አልበዛበትም ብሎ ይመሰክራል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ እንሰቱ በቡናው መካከል ይቆማል፤ አንድ ክንድ የምታህል መሬት እንኳ ባዶዋን አትውልም። ይህ የአባቶች አተካከልና አኗኗር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ገነት ውስጥ የጦር ብረት ምን ይሠራል? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ብረቱም እንደ ሰው የመጣው በመንገድ ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ ሠራዊት በደቡብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ፣ አንዱ ክፍል በያቤሎና በሐገረ ማርያም አቅጣጫ፣ ሌላው ክፍል በነጌሌ አቅጣጫ መጣ። በነጌሌ በኩል የመጡት የጎልድ ኮስት ወታደሮች፣ ማለት የዛሬዪቱ የጋና ልጆች፣ ዋዳራ በሚባለው ጫካ ውስጥ ከኢጣልያኖች ጋር ለሳምንታት ተዋግተው በግንቦት መጀመሪያ ቦታውን ያዙ። ከዚያ በኋላ በክረምቱ መግቢያ ዝናብ፣ በጭቃ መንገድ፣ የኢጣልያ ጦር ወደ ሰሜን አፈገፈገ፤ በግንቦት አጋማሽም ሶዶ ተያዘ። ከዚህ ቀደም ብሎም በ1928 እና በ1929 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠውና የደጃዝማች ገብረ ማርያም ሠራዊት በዚያው በሲዳሞ ምድር ከወራሪው ጋር ሲዋጋ ኖሯል። እንግዲህ በአንድ አገር ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ ሠራዊት ሲመላለስ፣ የወደቀው ብረት ብዙ መሆኑ አያስደንቅም።

በአያቴ ግቢ ውስጥ ሦስት የጦር ዕቃዎች ነበሩ። አንደኛው የኢጣልያ ወታደር የብረት ቆብ ነው፤ ዶሮዎች ውሃ ይጠጡበት ነበር። ሁለተኛው ጥይት የነበረበት የብረት ሣጥን ነው፤ ሴት አያቴ የግብር ደረሰኞችን አይጥ እንዳይበላቸው ያስቀምጡበት ነበር። ሦስተኛው የወታደር መኪና ባልስትራ ሲሆን፣ አያቴ ለቀጥቃጭ ሰጥተው ገጀራ አሠርተውበት ነበር፤ በዚያ ገጀራ የቡናው ሥር ሃምሳ ክረምት ያህል ተመንጥሯል።

እኛ ልጆች አንድ ቀን ቆቡን ከዶሮዎቹ ነጥቀን፣ ውሃውን ደፍተን፣ በየተራ በራሳችን ላይ እያደረግን ወታደር ወታደር ስንጫወት አያቴ ደረሱብን። የሚቈጡ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ቆቡን ይዘው ውስጡን እያሳዩን፣ «ይህ ቆብ ያለ ራስ የመጣ ይመስላችኋል? ራሱ የት እንደ ቀረ የሚያውቅ ካለ ያድርገው፤ የማታውቁ ከሆነ ግን ለዶሮዎቹ መልሱላቸው» አሉን። ማናችንም አላወቅንም፤ መለስንላቸው።

ሁለተኛውን ነገር የማስታውሰው ከዚህ ይልቅ በፍርሃት ነው። በቡና ለቀማ ወራት፣ የጐረቤት ሰው ለእንሰት ጉድጓድ ሲቈፍር ዶማው ከአንድ ድቡልቡል ብረት ጋር ተጋጨ። ከእኛ ከልጆቹ አንዱ መዳብ ያለው መስሎት ድንጋይ አነሣ። አያቴ በአጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ አይተው ጮኹና ልጁን በክንዱ ጐትተው አራቁት። ከዚያም እሾህ ቈርጠው ዙሪያውን አጠሩ፤ ወደ ከተማም መልእክተኛ ላኩ። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች መጥተው እስኪያነሡት ድረስ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከአጥሩ አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁ። በእነዚያ በሦስቱ ቀኖች የራሳቸው ቀይ ቡና በዛፉ ላይ ደርቆ ረገፈ። ሴት አያቴ፣ «ያላስቀመጡትን ዕቃ ምን ብለው ይጠብቃሉ?» ብለው ሲያማርሩ፣ አያቴ፣ «ምን ላድርግ፤ አወቅሁታ» ብለው መለሱላቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህች «አወቅሁታ» የምትለው ቃል በዚያን ጊዜ ምንም አልመሰለችኝም ነበር። ዛሬ ግን የዚህ ጽሑፍ ፍሬ በእርስዋ ላይ የተመሠረተ ነው።

አስቀድመን ስለ ብረቱ እንናገር። ብዙ ሰዎች ብረት በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ክፋቱና ደግነቱ በያዘው እጅ ነው ይላሉ። ይህ አባባል ለገጀራው፣ ለሣጥኑና ለቆቡ እውነት ነው። ገጀራ ያለ እጅ አይሠራም፤ ያው ባልስትራ የወታደር መኪና ተሸክሞ ነበር፤ በኋላም ቡና መነጠረ። በየቤታችን ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን እንኳ ከጦርነት የተገኘ ዕቃ ነው። ጀርመኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለሠራዊታቸው ነዳጅ መያዣ እንዲሆን ሃያ ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠሩ፤ እንግሊዞች ማርከው ጥቅሙን ባዩ ጊዜ፣ ጀርመናዊን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉት ነበርና የጄሪ ጣሳ አሉት። ዛሬ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከምንጭ የምትመለስ ልጅ የጦር ዕቃ ስም እየጠራች መሆኑን አታውቅም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም። በሰሜኑ አገራችንም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የመድፍ ቀለሃ እንደ ደወል ተሰቅሎ ሕዝቡን ለጸሎት ሲጠራ ይሰማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ነገር ግን ያ ድቡልቡል ብረት ከዚህ ሁሉ ይለያል። እርሱ የሰው እጅ አይጠብቅም፤ የሰው እግር ወይም የልጅ ድንጋይ ይበቃዋል። የተወረወረ ጦር በወደቀበት ቦታ ሥራው ያልቃል። ያልፈነዳ ቦንብና የተቀበረ ፈንጂ ግን ሳያልቅ የቀረ ሥራ ነው። የተኰሰው ሰው «ግደል» ብሎ አዞታል፤ ትእዛዙ ገና አልተፈጸመም፤ ደግሞም አልተሻረም። አዛዡ ታርቆ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ አርጅቶ ቢሞት እንኳ ፈቃዱ በአፈር ውስጥ በሕይወት ይኖራል። ከአፈር በላይ ሰላም ሲሰበክ፣ ከአፈር በታች የዚያ ቀን ጦርነት አላለቀም። እንግዲህ «ብረት አይበደልም» የሚለው አባባል ለዚህ ዓይነቱ ብረት ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ብረቱ አልበደለም፤ ነገር ግን በውስጡ የተቀመጠው የሰው ፈቃድ ገና እየበደለ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጥሎ የሄደው ሰው፣ «ትቼዋለሁና የእኔ አይደለም» ሊል ይችላልን?

ይህን ለመመለስ መብትንና ዕዳን መለየት ያስፈልጋል። ላሙን በዱር ለቅቆ የሄደ ሰው በላሚቱ ላይ ያለውን መብት ትቷል፤ ያገኛትም ቢያልባት አይከሰስም። ተናካሽ ውሻውን በገበያ መካከል ለቅቆ የሄደ ሰው ግን፣ «ትቼዋለሁ» በማለቱ ከተነከሰው ሰው ዕዳ አይድንም። መብት የባለመብቱ ነውና ብቻውን ሊተወው ይችላል። ዕዳ ግን የሁለት ሰዎች ነገር ስለ ሆነ፣ አበዳሪው ሳይፈቅድ ተበዳሪው ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም። ስለዚህ ጥሎ የሄደው ጦር በብረቱ ላይ ያለው መብት ቀርቷል፤ ዕዳው ግን አልቀረም።

ምናልባት፣ «ጦር በችኰላ ሲሸሽ የጣለው ሆን ብሎ አይደለም፤ በማያስበው ነገር ሰው አይጠየቅም» የሚል ይገኝ ይሆናል። እኔም ከላይ ስጀምር ጦር የሚመርጥ አይመስልም ብያለሁ። ነገር ግን ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ጦርም ይመርጣል። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ጦር ዘውዱን፣ ጽዋውንና የብራናውን መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደ። በጋፋት ተሠርቶ፣ ሕዝብ በትከሻውና በገመድ ከተራራ ተራራ የጐተተውን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ግን እዚያው ተወው፤ እስከ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ወድቆ ይታያል። ወርቁ ተጓዘ፤ ብረቱ ቀረ። ይህ መምረጥ ካልሆነ ምን ይባላል?

ከዚህም የጐላ ምሳሌ በሰላማዊው ውቅያኖስ ደሴቶች ይገኛል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ያን ጊዜ ኒው ሄብሪዲስ ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ቫኑአቱ፣ ኤስፒሪቱ ሳንቶ በምትባል ደሴት ላይ ታላቅ የጦር ሰፈር ነበራቸው። በ1945 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ የተረፈውን መኪናና ማሽን አገሩን በአንድነት ይገዙ ለነበሩት ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ሹማምንት በርካሽ ዋጋ እንግዙ ቢሏቸው፣ እነዚህ ያለ ገንዘብ የሚቀርላቸው መስሏቸው ሳይገዙ ቀሩ። አሜሪካኖቹም ጭነት መኪናውን፣ ጂፑንና የመንገድ መጥረጊያውን ማሽን እየነዱ ወደ ባሕር ጨመሩት። ቦታው እስከ ዛሬ የሚሊዮን ዶላር ጫፍ ይባላል። የደሴቲቱን ተወላጆች በዚህ ሁሉ ውስጥ የጠየቃቸው አልነበረም። ሁለት ባለጸጎች በዋጋ ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ ከባሕሩ በታች የቀረው ዝገት ለእነርሱ ሆነ።

በዚያው ውቅያኖስ በሰሎሞን ደሴቶች ደግሞ የጓዳልካናል ጦርነት ያለቀው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ከሰባ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት ወር 2021 እ.ኤ.አ. በዋና ከተማዪቱ በሆኒያራ፣ በግቢያቸው ምግብ ለማብሰል እሳት ያነደዱ ሰዎች ነበሩ። ከምድጃው በታች በአፈር የተቀበረ የጦርነቱ ጥይት በሙቀቱ ፈንድቶ ሰው ገደለ። የሞቱት ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ገና አልተወለዱም ነበር።

እኛ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንላለን። እሾህን ያጠረ ሰው ራሱ ይወጋበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ግን የአባቶቻችንን ተረት ያፈርሰዋል፤ ያጠረው በሰላም ቤቱ ገብቶ፣ እሾሁ የሚወጋው ያላጠረውን ነውና። የፍርድ ሥራም ይህን የተጣመመ ነገር ማቅናት ይመስለኛል። መንግሥታት በ2003 እ.ኤ.አ. ተስማምተው፣ ከጦርነት ስለሚተርፍ ፈንጂ አንድ ፕሮቶኮል አውጥተዋል። በዚያ ውል ግዛቱን የያዘው ወገን ምድሪቱን እንዲያጸዳ፣ ፈንጂውን የተጠቀመው ወገንም ምድሪቱ በእጁ ባትሆን እንኳ እንዲረዳ ታዝዟል። ነገር ግን ግዴታው በይበልጥ የሚመለከተው ከውሉ በኋላ የሚጣለውን ነው፤ ለቀድሞው የቀረው ርዳታ የመጠየቅ መብት ነው። የሕግ እጅ አጭር ነውና የቀረውን ሕሊና መሙላት አለበት።

ዕዳ ሊከፈል እንደሚችልም ምሳሌ አለን። በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ፤ በኋላም ከካሣው ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። የጦርነት ዕዳ መብራት ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ያላመኑትን ዕዳ መክፈል አይቻልም። ኢጣልያ በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጢስ ማዝነቧን የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ ያመኑት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስድሳ ዓመት ቈይቶ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ቈዳው የተቃጠለው ሰው ሞቶ ተቀበረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ነገር ግን የተወጋውም ይሞታል፤ ያን ጊዜ የሚረሳም የሚያስታውስም ይጠፋል።

ሌላም ሰው ተነሥቶ፣ «በ1933 ዓ.ም. የመጡት ሠራዊት ነፃ ሊያወጡን የረዱን ናቸው፤ ከረዳ ሰው ዕዳ መጠየቅ ውለታ ቢስነት አይሆንምን?» ይል ይሆናል። ዕዳ ግን ቅጣት አይደለም። ጐረቤት ቤት ሊከድንልህ መጥቶ ማጭዱን በሣሩ ውስጥ ቢረሳ፣ «ማጭድህን አንሣልኝ፤ ልጅ ይቈርጣል» ብትለው ውለታውን አልካድህም። ደግሞም ዕዳው በዋዳራ ጫካ የተዋጋው የጎልድ ኮስት ገበሬ ልጅ አይደለም። እርሱም እንደ እኛ በባዕድ የሚገዛ ነበር፤ የታዘዘበትን ተኰሰ። ዕዳው የላከው ነው። መላክን የሚያውቅ መንግሥት መሰብሰብንም ማወቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ደርሶ ነገሩ ሁሉ የባዕድ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያርፍ አንባቢ ቢኖር፣ እንዳያርፍ እለምነዋለሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር የተዋጋንባቸው ፈንጂዎችና ጥይቶች በአፈር ውስጥ ቀርተው ከጦርነቱ በኋላ ሰውና ከብት ፈጅተዋል። አገራችን የተቀበረ ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ውል በ2004 እ.ኤ.አ. ማጽደቋ መልካም ነው። ነገር ግን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተደረገው ጦርነት፣ የኢትዮጵያ ልጅ በኢትዮጵያ ልጅ ማሳ ላይ ያልፈነዳ ብረት ጥሎ ሄዷል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም እረኛ ልጆች ብረቱን እያነሡ ሞተዋል፤ እጅና ዐይናቸውን አጥተዋል። እንግዲህ ጣዩም እኛ፣ ሦስተኛው ሰውም እኛ ሆነናል። የባዕዱን ዕዳ ስንጠይቅ የምንጠቀምበትን ሚዛን፣ የራሳችንንም ዕዳ ስንመዝን እርሱኑ ማንሣት አለብን።

እስካሁን ስለ ጣለው ሰው ተናገርን። ስላገኘው ሰው ደግሞ ምን እንላለን?

በፍርድ ከሄድን ያገኘው ሰው ምንም ዕዳ የለበትም፤ አልሠራውም፤ አላመጣውም፤ አልጣለውም። አያቴ ያን ብረት አይተው፣ «የእኔ ማሳ አይደለም» ብለው ቢያልፉ ምንም ዳኛ አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን፣ «አወቅሁታ» አሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ አደገኛ ነገር ሁለት ባለቤት እንዳለው ነው፤ የመጀመሪያው የጣለው፣ ሁለተኛው ያወቀው ነው። የመጀመሪያው በፍርድ ባለዕዳ ነው፤ ሁለተኛው በጐረቤትነት ባለዕዳ ነው። የአንዱ ዕዳ የሌላውን አይሰርዘውም። «ጣዩ ይጠየቅበት» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም፣ በዚያ እውነት ልጁን አያድነውም። ጣዩም፣ «ያወቁት ይጠብቁት» ቢል የሌላውን ደግነት የራሱ ዕዳ መክፈያ አደረገው ማለት ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው በደል የከፋ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ግን በድኻው ላይ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም። ከመንደር መንደር «ቆራሌው!» እያለ የሚዞር ሰው፣ ወይም ብረት ለቅሞ ለእርሱ የሚሸጥ እረኛ፣ ጥይቱን በድንጋይ የሚቀጠቅጠው ሞኝ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። መዳቡ በሚዛን ላይ የሚያወጣው ገንዘብ የዛሬ እራቱ ነው፤ ሞቱ ግን ምናልባት ነው። ለተራበ ሰው የታወቀ እራት ካልታወቀ ሞት ይበልጥበታል። አያቴ ሦስት ቀን መጠበቅ የቻሉት ቡናቸው ቢረግፍ እንኳ እንሰቱ በጓሮ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማወቁን እንዲጠቀምበት የሚያስችለው ጥቂት ኑሮ ያስፈልገዋል። ድኻን «ተጠንቀቅ» ብሎ ብቻ ማለፍ፣ የራስን ዕዳ በእርሱ ላይ መጫን ነው።

አሁን ደግሞ ልናገረው የሚከብደኝን አንድ ነገር ልናገር። ከዚህ በፊት ለማንም አልነገርሁትም።

አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ቆቡ ግን በግቢው ነበረ፤ ዶሮዎቹም ትውልዳቸው እየተለወጠ ይጠጡበት ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወር በጌዴኦና በጉጂ መካከል ያ የታወቀው ግጭት ተነሣ። ቡናን በአንድ ስኒ ሲጠጡ የኖሩ፣ በጋብቻ የተዛመዱ፣ በአባቶቻቸው የእርቅ ሥርዓት በጎንዶሮ መሐላ የሚተማመኑ ጐረቤቶች ናቸው። በዚያ ዓመት ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ትምህርት ቤቱና የጸሎት ቤቱ በስደተኛ ተሞላ። አንድ ማለዳ በጓሮ በኩል ብቅ ስል፣ የእኅቴ ልጅ ያንን ቆብ በእጁ ይዞ ውሃውን ሲደፋ አየሁት። በሌላ እጁ የባልስትራው ገጀራ ነበረ። አየኝና፣ «ጋሼ፣ ወደ ወንዙ ማዶ እንሄዳለን» አለኝ። ቆቡንም በራሱ ላይ አደረገው።

አያቴ ለእኛ የተናገሩትን ቃል ያን ጊዜ አስታውሻለሁ። ቃሉ በአፌ ላይ ነበረ። ልጁም ቢሰማኝ ይቆም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ክፉ ልጅ አልነበረምና። እኔ ግን ዝም አልሁ። ፈራሁ ልበል? የፈራሁት እርሱን አልነበረም፤ ከመንገዱ ዳር የሚጠብቁት ጓደኞቹ «ይህ ሽማግሌ የማን ወገን ነው?» እንዳይሉኝ ነው። ልጁ በማታ ተመለሰ፤ ገጀራውን አጥቦ ሰቀለ፤ ቆቡንም በቦታው አኖረው። ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። በማግሥቱ ዶሮዎቹ ውሃ ጠጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ብረት ያለኝ ሐሳብ ተለውጧል። ባልስትራው ገጀራ ሆኖ ቡና በመነጠረ ጊዜ የጦር ዕቃነቱ ለዘለዓለም ያለቀ መስሎን ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን የተናገረውን ስንሰማ፣ ነገሩ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ የሚያበቃ ይመስለናል። ነገር ግን ማረሻው ተመልሶ ሰይፍ እንዳይሆን በየማለዳው የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ቀጥቃጭ በአንድ ቀን የለወጠውን ብረት፣ ጐረቤት በዕድሜው ሙሉ መጠበቅ አለበት። ያልፈነዳው ጥይት አስፈሪነቱ ትእዛዙ ስላልተሻረ ነው ብዬ ነበር፤ እንዲሁም ሳይሻር የቀረ ቂም በሰው ልብ ውስጥ ሲቈይ የሚጠብቀው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። የብረቱን ፈንጂ የሚያነሡ ሠልጥነው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ይህንን ግን ሊያነሣው የሚችለው በቅርብ ሆኖ ያወቀው ሰው ብቻ ነው። እኔ አወቅሁ፤ አጥር አላጠርሁም፤ በአጠገቡም አልተቀመጥሁም።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ «ቆቡን ለምን አትቀብረውም? ወይስ ለምን አታቀልጠውም?» ይሉኛል። ሁሉ ነገር ይቅለጥ የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። ሴባስቶፖል ቢቀልጥ ስንት ማረሻ ይወጣው ነበር፤ ነገር ግን መቅደላ የወጣ ሰው ያን ብረት አይቶ፣ የአንድ ንጉሥ ምኞት ምን ያህል እንደ ከበደና ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ተሸከመው ሳያስብ አይመለስም። የሚጠቅም ይቅለጥ፤ የሚገድል ይነሣ፤ የሚያስታውስ ይቀመጥ። ለማስታወስ የሚቀመጠው ግን ለመመካት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መለያውም ቀላል ነው፤ ዕቃውን የሚያሳይ ሰው ስለ ሞቱት ከተናገረ ያስታውሳል፤ ስለ ገደሉት ብቻ ከተናገረ ይመካል።

እንግዲህ ጦር ጥሎት የሚሄደው ዕቃ የማን ነው? ጥቅሙ ያገኘው ሰው ነው፤ ገጀራም ደወልም ያድርገው። ዕዳው የጣለው ነው፤ ስልሳ ዓመትም ሰባ ስምንት ዓመትም ቢያልፍ። ጥበቃው ደግሞ ያወቀው ሰው ነው፤ ቡናው ቢረግፍበትም፣ ወገኑ ቢታዘበውም።

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ልጁን ይዞ መጣ። ሕፃኑ በግቢው ሲሮጥ ቆቡን አገኘና ወደ ራሱ ሊያነሣው ሲታገል አየሁት። ተነሥቼ ቆቡን ያዝሁና ውስጡን እያሳየሁ፣ አያቴ የነገሩኝን ቃል ለሕፃኑ ነገርሁት። ሕፃኑ የሚገባው ዕድሜ ላይ አልነበረም። አባቱ ግን በበሩ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አንገቱንም አቀረቀረ። ቃሉ ስምንት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሆኖም ሕፃኑ ቆቡን ለዶሮዎቹ መለሰላቸው፤ አባቱም ማሰሮውን አንሥቶ ውሃ ሞላበት።